የፎንታሌዳ ድምፅ

የምክር ቤት አባሉ ቫልዴማር ሳራይቫ ከሊዝበን ተነስቶ የትውልድ መንደሩ ፎንታሌዳ ሲደርስ የተቀበለው የበሰበሰ ጎመን ነበር። የመኪናው መስታወት ላይ ጧ ብሎ ተለጠፈ።

ሦስት ጊዜ ተመርጦ ፓርላማ ገብቷል። ባለፈው ዘመኑ የተራራውን ጤና ጣቢያ ለዘጋው በጀት እጁን አውጥቷል። በዚያው ክረምት የመንደሯን ነዋሪ የኤርሚንያን ባል ልቡን ያዘውና ከተማ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ። ቫልዴማር ለቀብሩ የአበባ ጉንጉን ላከ። ኤርሚንያ ጉንጉኑን ለአህያዋ ጣለችለት።

አሁን ምርጫው ደርሷል። የአውራጃው የመጨረሻ መቀመጫ በእነዚህ የተራራ መንደሮች ላይ ተንጠልጥሏል፤ ስለዚህ ጎመኑን ጠርጎ አደባባዩ ላይ ቆመ።

«የተከበሩ!» አለ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ቤልሚሮ። «መንገድ ጠፋብዎት እንዴ? ሊዝበን እኮ በዚያ በኩል ነው!»

ሳቁ አደባባዩን ሞላው።

«ወገኖቼ፣ እባካችሁ...»

«የማን ወገን?» ኤርሚንያ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወደ ፊት ወጣች። «ባሌን ወሰድክ። አሁን ደግሞ ድምፄን አምጪ ልትለኝ መጣህ? አፈር ብላ!»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ከዚያ በኋላ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋው፤ በእልህ የመጣለትን ተናገረ።

«እሺ፣ አትምረጡኝ! ብሸነፍ የት የምገባ መሰላችሁ? የአባቴን ቤት ጣራ አሳድሼ እዚሁ ነኝ! እኔም የዚህ መንደር ልጅ ነኝ!»

ጫጫታው ቀጥ አለ።

«እዚህ ልትኖር?» አለ ቤልሚሮ።

«እስክሞት ድረስ!»

እርስ በርስ ተያዩና አንድ በአንድ ተበተኑ። ስድቡን የለመደው ቫልዴማር ዝምታውን ፈራው። መኪናው ውስጥ ገብቶ «በቃ፣ አለቀልኝ» አለ።

የምርጫው እሑድ ድምፁን ሊሰጥ ተመልሶ መጣ። ደህና አደርክ ያለው አልነበረም። ኤርሚንያ ከጠዋት ጀምሮ የቤልሚሮን ፒክአፕ እየነዳች ሽማግሌና አሮጊቱን ከየቤቱ ትለቅማለች። የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ሽማግሌ ቲቡርሲዮን እንኳ ሁለት ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው አመጧቸው። ቫልዴማር ኤርሚንያ በር ላይ ስትመክራቸው ሰማ።

«ጋሼ ቲቡርሲዮ፣ ይህን ሰውዬ ዛሬ ካልተገላገልነው መቼም አንገላገለውም።»

«አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ብቻ እስክሪብቶውን አስይዢኝ።»

እንዲህ ያለ ጥላቻ አይቶ አያውቅም። ቢሆንም መሄድ አቃተው። ቆጠራው ሲጀመር በአሮጌው ትምህርት ቤት መስኮት ስር ቆመ። የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ወረቀቶቹን እየዘረጋች ጮክ ብላ ታነብ ጀመር።

የመጀመሪያው ድምፅ ለእሱ ፓርቲ ነው። አክስቱ መሆን አለባት አለ በልቡ። ሁለተኛውም የእሱ ነው። ሦስተኛውም። ከዚያም ያለማቋረጥ እሱ፣ እሱ፣ እሱ። በሣጥኑ ውስጥ ተቃዋሚ የተገኘው ለዘር ያህል ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ማምሻውን ከፓርቲው ተደወለ። መቀመጫውን በጠባብ ልዩነት አግኝቶታል፤ ያተረፈችው ፎንታሌዳ ናት።

በቀጥታ ኤርሚንያ ዘንድ ሄዶ አንኳኳ። በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች።

«እትዬ ኤርሚንያ» አለ እጇን ይዞ። «ይህን ሁሉ በድያችሁ ይቅር አላችሁኝ። ምን ብዬ ላመስግንዎት?»

ሊስመው የያዘውን እጇን መነጨቀችው።

«የምን ይቅርታ? ብትሸነፍ እኮ ጎረቤቴ ልትሆን ነበር!»