የድርቤ ብርዝ

ድርቤ እንደ አገሯ የሙሽራ ወግ የአማቷን ስም አትጠራም። አማቷ ሎሚ ስለሚባሉ የሚበላውን ሎሚም አትጠራም፤ ነቀምቴ ገበያ ቆማ «ያን የሚኮመጥጠውን ስጪኝ» ነው የምትለው። ሻጮቹ ለምደዋታል። አንዷ ግን ሆን ብላ «የቱን? እርጎውን ነው?» እያለች ሰው ታስቅባታለች። ድርቤ ከሲሬ ተድራ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የባሏን እህት ዲንቄን እንኳ በስሟ ሳይሆን «ቆንጂት» ብላ ነው የምትጠራት።

ዲንቄ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ አዴ ሎሚ ፀጉራቸው መሸበት ከጀመረ በኋላ የወለዷት የመጨረሻ ልጅ ናት። ሰው ፊት መናገር ያስፈራታል። እናቷ ሲያስላቸው ግን ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት።

በዐሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ አዴ ሎሚ ጉልበታቸውን አመማቸው። አማርኛ ስለማይሰሙ ድርቤ ልታስተረጉምላቸው አብራ ክሊኒክ ሄደች። ሲመለሱ የክኒን ብልቃጥ የያዘችው ድርቤ ነበረች።

«የሳንባ በሽታ አለብሽ አሉኝ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

አዴ ሎሚ ወደ ልጃቸው፣ ወደ ድርቤ ባል ወደ ነመራ ዞሩ። «ጉድ ነው እኮ! ለጉልበቴ ብላ ወስዳኝ የራሷን በሽታ ይዛ መጣች። እንኳን እኔን አልያዘኝ። በዚሁ በሽታ እህቴን እንዴት እንዳገለሏት አይቻለሁ። ሁሌም እንደምለው፣ እኔ ብሆን አንዲት ክኒን ሳልውጥ ሞቴን እጠብቃለሁ።»

ድርቤ ምንጣፏን ይዛ ማድቤት ገባች። ለየሰው የየራሱ ኩባያ ተለየ።

ዲንቄን ግን ነገሩ አላማራትም። ድርቤ አንድም ቀን ስታስል አልሰማቻትም። ክኒን ስትውጥም አላየቻትም። ብልቃጡ ግን በየቀኑ ይጎድላል።

አንድ ጠዋት በማድቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ አጮልቃ አየች። ድርቤ ክኒኖቹን በማንኪያ ጀርባ አደቀቀች። ዱቄቱን ለአዴ ሎሚ በበጠበጠችው የማር ብርዝ ውስጥ ጨምራ አማሰለችና ይዛላቸው ገባች።

«ዛሬስ መረረኝ» አሉ አዴ ሎሚ።

«ማሩ የግራዋ አበባ ይሆናል፤ ይጠጡት» አለች ድርቤ። ባዶውን ኩባያ ተቀብላ በፈላ ውሃ ሁለቴ አጠበችው።

ማር የነካውን ኩባያ ሁለት ጊዜ በፈላ ውሃ የሚያጥብ ማን አለ? ዲንቄ መርዝ መሆኑን ጠረጠረች። እናቷ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሆድሽ ምነው ዝም አለ? እንቅልፍ ወሰደው እንዴ?» እያሉ ድርቤን ጎረቤት ፊት ሲሸነቁጧት ሰምታለች። እንግዲህ ድርቤ ቂሟን የምትወጣው በዚህ ነው ማለት ነው።

ለማን ትናገር? ለነመራ ብትነግረው ሚስቱን ይወዳል። በማግስቱ ግን ማድቤት በር ላይ ቆመችና «እኔ ለእናቴ ልውሰድላት» አለች።

«ተባረኪ ቆንጂት። እስኪጨርሱት ቁሚ እሺ?»

ዲንቄ ብርዙን ጓሮ ወስዳ ቡናው ሥር ደፋችው። ከቤት ማር ቆንጥራ ሌላ በጠበጠች። በማግስቱም እንዲሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ጠብታ ወደ እናቷ አፍ አላሳለፈችም።

አዴ ሎሚ ግን አልተሻላቸውም። ጉንጫቸው ሰረጎደ፤ ሳሉም በረታ። «ቀድማ የጠጣችው ነው» ትላለች ዲንቄ በልቧ፣ ዕቃ እያጠበች፣ ውሃ እየቀዳች፣ ቁጭ ብድግ እያለች። አንድ ቀን የእናቷ ነጠላ ጫፍ ላይ ደም አየች። ያን ጊዜ ያየችውን ሁሉ ለነመራ ነገረችው።

ነመራ ሚስቱን እናቱ አልጋ አጠገብ አቆማት።

«ብርዙ ውስጥ ክኒን ትፈጪበታለሽ ወይስ አትፈጪበትም?»

ድርቤ አዴ ሎሚን አየች። አዴ ሎሚ ቀና ብለው ያዳምጣሉ።

«ተናገሪ እንጂ!»

«እፈጫለሁ» አለች ድርቤ።

«ለምን?»

ዓይኗን ከአዴ ሎሚ ላይ አላነሳችም።

«እኔን?» አሉ አዴ ሎሚ። «እንደ ልጄ ያየሁሽን? ውሰድልኝ ነመራ፣ ከዓይኔ አርቃት!»

ነመራ ልብሷን በአንድ ጨርቅ ቋጥሮ ወደ ሲሬ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ሊያሳፍራት ይዟት ወጣ። አጥሩ ጋ ስትደርስ ድርቤ የዲንቄን እጅ ያዘች።

«ቆንጂት፣ የእኔን ተይው። ብርዙን ብቻ አታቋርጪባቸው።»

ዲንቄ እጇን መንጭቃ አስለቀቀች።

መኪናው እንደሄደ የቀረውን ክኒን ከነብልቃጡ ጉያዋ ከትታ ወደ ክሊኒኩ ሮጠች። ምን ዓይነት መርዝ እንደሆነ ከታወቀ ማርከሻ አይጠፋለትም ብላለች። በሽተኛ የሚያክሙት፣ ድሬሰር መሸሻ የሚባሉት የሸዋ ሰው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩዋት።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪው?»

«ይሄ... ሰው ይገድላል?»

ብልቃጡን አገላብጠው አዩት። «ከእኛው የወጣ ነው። የማን ነው?»

«የድርቤ። የድርቤ ጨመዳ።»

«አሃ፣ አስታወስኳት! የበሽተኛዋን ስም ንገሪኝ እያልኩ ስንት ጊዜ ጮኼ ነው አብራት የመጣችው ልጅ የነገረችኝ።» ድሬሰሩ ሣቅ አሉ። «መርዝ አይደለም ልጄ፤ የሳንባ መድኃኒት ነው። አንድም ቀን ሳታቋርጥ ከወሰደች ትድናለች። ካቋረጠች ግን እንጃ። ቆይ፣ ካርዷን ላውጣ።»

ካርዱን ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ብዕራቸውን ፍለጋ ዞር አሉ። ዲንቄ ማንበብ ትችላለች። በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ስም፦ ድርቤ ጨመዳ። ዕድሜ፦ ሃምሳ ስምንት።»