ለትርኢት የተሰጠው ሠርግ

በዚያ ዘመን ትዝታ ከሰው ራስ ወጥቶ ለሕዝብ ይታይ ነበር፤ የሰጠው ሰው ግን ባዶውን ይቀራል። የከተማው ታሪክ ማኅበር «የድሮ ሠርግ» የሚል ትርኢት ሲያዘጋጅ፣ ደግነት እንጂ ብልሃት ያልፈጠረበት ጥጋቡ የገዛ ሠርጉን አንስቶ ሰጠ። ሠርጉ ሲወጣ ዘርትሁን ሚስቱ መሆኗም አብሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በገዛ ቤቱ «ኖር» ካላሉት አይቀመጥም፤ አብራው ያረጀችውን ሴት «እባክዎ፣ ጨው ያቀብሉኝ» ይላታል።

«ሲያየው ያስታውሰኝ ይሆናል» ብላ ቅዳሜ ዕለት እጁን እየጎተተች ወሰደችው። አዳራሹ ግጥም ብሏል። ግድግዳው ላይ ሙሽራዋ፣ የያኔዋ ዘርትሁን፣ አበባ ካለበሷት ባጃጅ ስትወርድ ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። ጥጋቡ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እመቤቴ፣ ይቺ ልጅ የማን ናት?»

የዘርትሁን ምላስ መቼ ዝም ያውቃል!

«የባለ ወፍጮው የአቶ ቸሬ ልጅ ናት። አፏ እሬት ነው፤ ይቅርብህ።»

«እሬትም ትሁን። ቤተሰቧን የሚያውቁ ከሆነ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ።»

«በዚህ ሽበትህ? አታፍርም?»

«አፍራለሁ» አለ፣ ዓይኑን ከሙሽራዋ ሳይነቅል። «እምቢ ብትለኝም ደጅ እጠናለሁ።»

ዘርትሁን እያለቀሰች ሳቀች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ ክንዱን ያዘችው።

«ሽማግሌው ይቅር» አለችው። «ልጅቱ እሺ ብላለች።»