ጭስ መሳቢያው የተገጠመ ዕለት

የውጭው አየር ከተመረዘ ወዲህ ቤቶች ሁሉ ታሽገዋል፤ ያለ ጭስ መሳቢያ ማቁላላትም ክልክል ነው። ትርሲት የማስገጠሚያ ፈቃድ ያገኘችው አየሩ በተመረዘ በስድስተኛው ዓመት ነው።

የአምስት ዓመት ልጇን ሚልካን መኝታ ቤት ዘጋችባት። ቴክኒሻኑ አቶ ገዛኸኝ መብራት አጥፍተው፣ ከምድጃው በላይ ሰባ ሳንቲም ለክተው ግድግዳውን በሱት።

«ጭንብሉ ብቻውን አይበቃም፤ ቱቦው እስኪገባ ትንፋሽሽን ያዢ፣ ልጄ!» አሏት ትርሲትን።

ቱቦው ግን እምቢ አለ። ገፍተው፣ አሽከርክረው ዙሪያውን በሲሊኮን ሲደፍኑት ዓይኗ ጭልም ሊልባት ነበር።

«በይ ተንፍሺ። አንድም ክፍተት የለውም።»

እሳቸው እንደሄዱ ሽንኩርት አቁላልታ ለሚልካ በሩን ከፈተችላት። ሚልካ አሸተተችና ፊቷ ተለዋወጠ። ሽታ ማለት መርዝ ገባ ማለት እንደሆነ ተምራ ነው ያደገችው።

«ሽንኩርት ነው እኮ፣ የኔ እናት!»

ሚልካ አልሰማቻትም። ጭንብሏን አጥልቃ፣ የእናቷን ይዛላት መጣች።