"ውስጡ ምን ተጽፏል?" ያሉት ሴትዮ

ሚስቴ ቫሲቲ ባለፈው የዝናብ ወቅት ሞተች።

"እጅዎን ይክፈቱ!" አልኳቸው።

"አልከፍትም" አሉ ሴትዮዋ።

ባሕሩ ውስጥ ቆመናል... ውሃው እስከ ጉልበታችን።

በጨበጡት እጃቸው ውስጥ ያለው የጋብቻ ቀለበቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ጠዋት ልጄን ሲቴሪን ባሕር ውስጥ እያጫወትኳት ነበር። ወደ ላይ ወረወርኳት... ሳቀች... ተቀበልኳት።

ጣቴን ሳየው ባዶ ነው።

ቫሲቲ ከሄደች ወዲህ ምግብ አይወርድልኝም። ከስቻለሁ። ቀለበቱ ሰፍቶኝ ነበር።

ከእሷ የቀረኝ ዕቃ እሱ ነው።

እስከ ቀትር አሸዋውን በእጄ ዳሰስኩ። ምንም የለም።

"ሻርዳን እንጥራ" ያለኝ የአክስቴ ልጅ ማኖአ ነው።

ሻርዳ ከከተማ የሚመጡ መበለት ናቸው። ብረት የሚፈልግ መሣሪያ አላቸው። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ሆቴሎቹ ፊት ለፊት ያለውን አሸዋ ሲያስሱ ይውላሉ። ክፍያ አይቀበሉም።

ያስጠረጠረኝም ይኸው ነው። ማን ነው በነጻ ፀሐይ የሚመታው?

"ያገኘችውን ወርቅ ሁሉ የምትመልስ ይመስልሃል?" አለኝ ማኖአ በሹክሹክታ።

"ታዲያ ለምን ጠራሃት?"

"ሌላ ማን አለ? ብቻ ዓይንህን ከእጇ ላይ አትንቀል።"

አልነቀልኩም።

ሴትዮዋ ከመሣሪያው በፊት ጥያቄ ጀመሩ። የት ጋ ቆመህ ነበር? ፊትህን ወዴት አዙረህ? ውሃው የት ድረስ ደርሶህ ነበር?

"ፖሊስ ናት እንዴ?" አለ ማኖአ።

ውሃው ሲሸሽ ገቡ። መሣሪያውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ... ቀስ እያሉ።

የጠርሙስ ክዳን ወጣ። ሚስማር ወጣ። ደግሞ ክዳን...

ከዚያ ቆሙ።

ባለ ቀዳዳ አካፋቸውን ሰደዱ። አሸዋውን በውሃ አጠቡት። አንድ ነገር አነሱ። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አገላበጡት።

ጨበጡት።

አይቻለሁ። ቢጫ ነው።

"የኔ ነው!" ብዬ ሮጥኩ።

"ውስጡ ምን ተጽፏል?" አሉኝ።

"ምንም። ልሙጥ ነው።"

"እንግዲያው ያንተ አይደለም።"

ያኔ ነው እጅዎን ይክፈቱ ያልኳቸው። እምቢ ሲሉኝ አንቱታው ጠፋኝ።

"እጅሽን ክፈቺ አልኩሽ!"

"ስማ ልጄ... አንድ ቀለበት ሳገኝ ሦስት ሰው ነው 'የኔ ነው' የሚለኝ። እያለቀሱ የመጡም አሉ። ውስጡን ያላወቀ አይወስድም።"

"ሌባ!" ብሎ ጮኸ ማኖአ።

ሰው ተሰበሰበ።

"ፖሊስ ጥሩ" አሉ ሻርዳ። "እኔም እሱን እፈልጋለሁ።"

ማኖአ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ድሮም ሞኝ ነህ! 'ና እንብላ' ሲሉህ እውነት መስሎህ የምትገባ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ታሪኩን ያውቁታል።

በእኛ መንደር የሚበላ ሰው በደጁ የሚያልፈውን ሁሉ "ና እንብላ" ይላል። አላፊውም "ጠግቤአለሁ" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ጨዋ ሰው አይገባም።

እኔ ግን አንድ ቀን ቫሲቲ ከደጇ ስትጠራኝ... ገባሁ። ካሳቫውንም ዓሣውንም ጨረስኩ።

እንዲህ ነው የተጋባነው።

ጩኸቱን ሰምተው አማቴ መጡ። ሲቴሪን አዝለዋታል።

"ምን ሆናችኋል?"

"እማማ፣ ቀለበቴን አልሰጥም አሉኝ! ውስጡ ጽሑፍ አለው ይላሉ!"

አማቴ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ወደ ሻርዳ ጠጋ ብለው በጆሯቸው አንድ ነገር አሏቸው።

ሻርዳ ፈገግ አሉ። እጃቸውን ከፈቱ።

"ውሰድ። ግን ጣትህ ላይ ከማጥለቅህ በፊት አንብብ።"

ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ፊደሉ ትንንሽ ነው።

"ና እንብላ" ይላል።

...

"አምና ጠቦህ ልታሰፋልህ ስትወስደው ነው ያስጻፈችው" አሉ አማቴ። "ወርቅ ሠሪው ጋ አብሬያት ነበርኩ። 'እንዳትነግሪው፣ አንድ ቀን ራሱ ያየዋል' አለችኝ። እኔማ አይተኸው መስሎኝ..."

አላየሁትም። ራሷ ናት መልሳ ያጠለቀችልኝ። ከዚያ ወዲህ አውልቄው አላውቅም።

ሻርዳን ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

"ለምጄዋለሁ" አሉ።

"ግን ለምንድን ነው በነጻ የሚፈልጉት?"

"ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ከማይ ይሻላል ብዬ ነዋ!" ከዚያ ማኖአን በአገጫቸው ጠሩት። "አንተ ባለ ትልቅ አፍ! ና አካፋዬን ተሸከም።"

ተሸከመ።

ወዳጆቼ...

እኚህ ሴት ባይጠረጥሩኝ ኖሮ ቀለበቱን ተቀብዬ ጣቴ ላይ እሰካው ነበር። ሚስቴ የጻፈችልኝን ሳላነብ እሞት ነበር።

ማስረጃ አምጣ ያለህ ሁሉ ሊነጥቅህ የመጣ አይደለም። ያንተን ነገር ካንተ በላይ አጥብቆ የሚጠብቅልህም አለ።

እናንተስ? ሁልጊዜ አብሯችሁ ያለ... ግን አንድም ቀን ገልብጣችሁ አይታችሁት የማታውቁት ነገር ምንድን ነው? ዛሬ እዩትና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሁሉንም አነባለሁ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ አማቴ ምግብ አቀረቡልኝ። ዓሣ በኮኮናት ወተት... ካሳቫ...

ሻርዳ መሣሪያቸውን ይዘው ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ በደጃችን አለፉ። ማኖአ አካፋውን ተሸክሞ ከኋላቸው ነው።

"ይምጡ፣ እንብላ!" አልኳቸው።

ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

ሳህኔን ጨረስኩ... አስጨመርኩ።