ገላጋዩ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ በረዶ የቀላቀለው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። «የሰው ያለህ! ኧረ እርዱ፣ ሊተላለቁ ነው!» የሚል ጩኸት ከወፍጮ ቤቱ ደጅ ሲሰማ፣ ሽማግሌው ነጠላቸውን ጥለው ሮጡ።

ሁለት ጎረምሶች ጭቃው ላይ ተፋጠዋል። አንደኛው ሌላውን በዱላ ፈንክቶታል፤ ሊደግም ክንዱን አንሥቷል።

ለሽማግሌው እርዳታ ማለት ያየለውን ከኋላ ጠፍሮ መያዝ ነው። በዚህ ስንቱን ከወህኒ አድነዋል። ዱላ ያነሣውን ከነክንዱ አቀፉት።

«አባዬ፣ ልቀቀኝ! ጩቤ አወጣ እኮ!»

«ዝም በል! የእኔ ልጅ ነፍሰ ገዳይ አይሆንም!» አሉና እቅፋቸውን አጠበቁ።

ልጃቸው ሁለት ጊዜ ተንዘፈዘፈ፤ ከዚያም ክንዳቸው ላይ ከበደ።

ሌላውን የያዘ ሰው አልነበረም።