አራተኛ ፎቅ ላይ ባሕር

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ኮራል የሚሉትን የባሕር ፍጥረት አሳድጋለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ወይ ሀብታም ነው ወይ ጤና ይጎድለዋል፤ እሷ ደግሞ ሀብታም አልነበረችም። መስታወት የመሰለውን አክሪሊክ በገዛ እጇ ቆርጣ፣ አጣብቃ ገንዳ ሠራች። የሰፈሩ ቧንቧ ከደረቀ ስለሰነበተ በጀሪካን ውኃ አሸክማ አስመጣችና ሞላችው። በአንዱ ጥግ አፈሰሰ፤ ውኃውም የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ከሥሯ የሚኖሩት የብሎኩ ሰብሳቢ እትዬ ዘርፌ ናቸው፤ ጫማዋ ጮኸ ብለው ተከራይ ያስባረሩ ሴት። አከራይዋም፣ "እሳቸው አንዴ ቅሬታ ካቀረቡብሽ ዕቃሽን ጠቅልይ" ብሏታል። እሷ ግን ታጣብቃለች፣ ትሞላለች፣ ያፈሳል። እትዬ ዘርፌን ደረጃ ላይ ካየች ስልክ የምታወራ መስላ ትሾልካለች።

በመጨረሻ ገንዳው ጠብታ እንኳ የማይወጣው ሆነ። በደስታ ጨው ልትበጠብጥ ስትል በሩ ተደበደበ። እትዬ ዘርፌ ባዶ ባልዲ ይዘው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው ቆመዋል።

"እትዬ፣ በእናትዎ ይቅር ይበሉኝ፤ ኮርኒሱን እኔው አስጠግናለሁ!"

"የምን ኮርኒስ ነው የምትቀባጥሪው? ሰው ልብስ ዘፍዝፎ ከላይ የሚወርድለት ውኃ ይዘጋበታል?"