የአቶ ለተጊዮርጊስ ገበጣ

በ1994 ዓ.ም. የሰቆጣ ወጣት በየከረንቦላ ቤቱ ለተራ ሲሻማ፣ መምህርት ዝናሽ የሟች አባቷን ገበጣ ከቆጥ አወረደች። እንዲህ ያለውን የሚጠርብ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። አባቷ አቶ ለተጊዮርጊስ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ አሸንፋቸው አታውቅም።

«የሙት ዕቃ ነው፤ አቃጥዪው» አሏት አክስቷ ወይዘሮ አምሳለ።

«ሳላሸንፋቸውማ አላቃጥለውም!»

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጃፏ ላይ ብቻዋን ትጫወት ጀመር፤ አንዴ ለራሷ፣ አንዴ ለአባቷ። አንድ ቀን ከሰዓት ውሃ ጠጥታ ስትመለስ፣ በአባቷ በኩል አንዱ ጉድጓድ ባዶ ሆኖ ጠጠሮቹ በተከታዮቹ ውስጥ አንድ አንድ ተጨምረው አገኘች። ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ዶሮ ነው ብላ እንዳታልፈው፣ አጨዋወቱ የሳቸው ነው።

ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እርስዎ ከሆኑ እያየሁዎት ይጫወቱ» አለችና የራሷን ጠጠሮች አንሥታ በየጉድጓዱ ጣለች። ከዚያ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች።

ከወዲያ በኩል አራት ጠጠሮች ብድግ አሉ። እንደሚያመነታ ሰው እጅ አየር ላይ ቆዩ።

ዝናሽ በርጩማዋን ወደፊት ሳበች።

«ይጣሉ እንጂ! ምን ያስፈራዎታል?»